የታሕተ ቀይ ሌንስ ታሪክና የጅማ ቡና ጥላ

በጅማ ከተማ በቦሳ አዲስም ሆነ በዙሪያው ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጭራ፣ ጀንፈል ቡና መድረቅ አለመድረቁ በዓይን ብቻ አይለይም። ፍሬው በእጅ ይታሻል፤ በጆሮ አጠገብ ይንኰሻኰሻል፤ አንዳንድ ጊዜም በጥርስ ይሞከራል። የዓይን ምስክርነት ብቻውን በቂ አለመሆኑን የቡና ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት የዚሁ ቡና ዕጣ በሌላ ዓይን ምስክርነት ላይ መንጠልጠል ጀምሯል። ይኸውም ከምድር በላይ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚዞርና የሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን የሚለቅም ዓይን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ደንቡ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ቢራዘምም፣ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ ተመዝግቦ መቅረቡ ግዴታ ነው፤ ነጥቡ የሚመሳከረውም በአብዛኛው ከሳተላይት ምስል ጋር ነው።

እንግዲህ ይህ ዓይን ምን ያያል? ምንስ ይሰወርበታል? ለዚህ መልስ ለማግኘት ዓይኑ እንዴት እንደ ተሠራ፣ በተለይም ሌንሱ በምን ዓይነት ችግር ውስጥ አልፎ እዚህ እንደ ደረሰ መመልከት ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1800 ነው። በጀርመን ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የኖረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያኖር፣ ሙቀቱ ከሐምራዊው ወደ ቀዩ በሄደ ቁጥር እየጨመረ መምጣቱን አስተዋለ። ከቀዩ ወሰን አልፎ፣ ለዓይን ምንም በማይታይበት ቦታ ያኖረው ቴርሞሜትር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ሙቀት አሳየ። ታሕተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የሚባለው ጨረር በዚህ ዓይነት ታወቀ። ኸርሸል የደረሰው ግን በደጃፉ ላይ ብቻ ነበር። ፕሪዝሙ ተራ ብርጭቆ በመሆኑ፣ መሬትና ዛፍ ራሳቸው የሚያፈልቁትን ረዥም የሙቀት ሞገድ አያሳልፍም ነበርና። ይህች ትንሽ ነገር ከ100 ዓመት በላይ ቆይታ የሌንስ ሠሪዎች ትልቅ ራስ ምታት ሆነች።

እ.ኤ.አ. በ1910 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ በታሕተ ቀይ ብርሃን ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ለሕዝብ አሳየ። በሥዕሎቹ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ የዛፍ ቅጠሎች ግን እንደ አመዳይ ነጥተው ይታዩ ነበር። ምክንያቱ በቅጠሉ ውስጥ ይገኛል። የቅጠሉ አረንጓዴ ንጥረ ነገር ቀዩን ብርሃን ለምግብ መሥሪያ ይመጠዋል፤ ከቀዩ ጥቂት አልፎ ያለውን ሞገድ ግን በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳትና በመካከላቸው ያለው አየር በትነው ወደ መጣበት ይመልሱታል። ቅጠሉ ሲታመም ወይም ሲጠወልግ ይህ መመለስ ይቀንሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ ጠባይ፣ አረንጓዴ የተቀባን ሸራ ከሕያው ቅጠል ለመለየት በልዩ ፊልም አማካይነት ሥራ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ሮበርት ኮልዌል የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በዚሁ ዓይነት ፊልም ከአውሮፕላን ላይ የእህል በሽታ ሊታወቅ እንደሚችል ጻፈ። በዚያን ጊዜ የተስፋው መጠን ከፍተኛ ነበር፤ ማንኛውም የሰብል በሽታ ከሰማይ ሊታይ ነው የሚል ስሜት በብዙዎች ዘንድ አደረ።

ጅማ ተስፋውንም ወሰኑንም ለመመዘን የምትመች አገር ናት። የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በዓመቱ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ኋላ ላንድሳት 1 የተባለችው ሳተላይት ወደ ጠፈር ተላከች። ሁለቱ ነገሮች እንዲህ ተከታትለው ቢመጡም አንዱ ለሌላው መድኃኒት አልሆነም። በሽታው የሚያጠቃው ለጋውን ፍሬ እንጂ ቅጠሉን አይደለም፤ ፍሬው ያለው በቡናው ቅጠል ሥር፣ ቡናው ያለው በዋንዛና በብሳና፣ በሰሳና በግራር ጥላ ሥር ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1967 ከጅማ አጠገብ በመልኮ በተቋቋመው የምርምር ማዕከል የነበሩ ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን የፈለጉት በእግር እየዞሩ፣ ዛፍ በዛፍ እየመረመሩ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቡና ገዢዎች በቁጥር ብቻ የሚጠሯቸው 74110 እና 74112 የዚያ ጉዞ ፍሬዎች ናቸው፤ 74 ዛፉ የተመረጠበት የአውሮፓውያን ዓመት፣ የቀረው ተራ ቁጥር ነው።

ላንድሳት 1 ሁለት ዓይነት መሣሪያ ይዛ ነበር የወጣችው። ዋናው ይሆናል ተብሎ የታሰበው ሦስት የቴሌቪዥን ካሜራዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሌንስ አንድ አንድ የብርሃን ክፍል ያነሡ ነበር። ሁለተኛውና እንደ ሙከራ የተቆጠረው ቨርጂኒያ ኖርዉድ የተባለችው የሂዩዝ ኩባንያ መሐንዲስ የነደፈችው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በሚወዛወዝ መስተዋት ምድርን እየጠረገ በአራት የብርሃን ክፍሎች፣ ይኸውም በሁለት የሚታዩና በሁለት የታሕተ ቀይ ክፍሎች፣ ምስል ያነሣል። የቴሌቪዥን ካሜራዎቹ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በኤሌክትሪክ ጉድለት ምክንያት ተዘጉ። የኖርዉድ መሣሪያ ግን ሁሉን አስገርሞ ቀጠለ፤ የምድርን ገጽ በየሞገዱ ከፋፍሎ የማንሣት ሥራም በዚያ መንገድ ጸና። የኖርዉድ መሣሪያ ብርሃን የሚሰበስበው 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የመስተዋት ቴሌስኮፕ እንጂ በሌንስ አልነበረም።

መስተዋት ለምን ተመረጠ? መስተዋት ለቀለም አያዳላም። ሰማያዊውንም፣ ቀዩንም፣ የማይታየውንም ሞገድ በአንድ ማዕዘን መልሶ በአንድ ነጥብ ላይ ያገናኛቸዋል። ሌንስ ግን ዙሪያውን የተቀረጸ ፕሪዝም ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ኸርሸልን ለግኝት ያበቃው የፕሪዝም ጠባይ፣ ማለትም እያንዳንዱን ሞገድ በተለያየ መጠን ማጠፉ፣ ለሌንስ ሠሪው ነቀፋ ነው። ለአንዱ ቀለም የጠራ ምስል ለሌላው ይደበዝዛል። በሚታየው ብርሃን ክልል ውስጥ ይህን ጉድለት ሁለት ዓይነት ብርጭቆ በማጣመር ማረም ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ነው። ከ3 ማይክሮሜትር በላይ ሲኬድ ግን ተራው ብርጭቆ ራሱ ጨለማ ይሆናል። የምድር ገጽ በጎልቶ የሚያፈልቀው የሙቀት ሞገድ ደግሞ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ሙቀትን በሌንስ ለማየት የፈለገ ሰው ብርጭቆን ትቶ ሌላ ነገር መፈለግ ነበረበት።

የተገኘው ጀርማኒየም ነው። ክሌመንስ ቪንክለር የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1886 በጀርመን አገር በፍራይበርግ ያገኘው ይህ ንጥረ ነገር ለዓይን እንደ ብረት የሚያብለጨልጭና ምንም ብርሃን የማያሳልፍ ነው። የጀርማኒየም ሌንስ ላየው ሰው ሌንስ አይመስልም፤ የተወለወለ የብረት ክዳን ይመስላል። ከ2 እስከ 14 ማይክሮሜትር ላለው ሞገድ ግን በሩ ክፍት ነው። ብርሃንን የማጠፍ ኃይሉ ከተራ ብርጭቆ እጅግ ይበልጣል፤ የብርጭቆው የስብረት መለኪያ 1.5 ያህል ሲሆን የጀርማኒየም 4 ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሳይጐብጥ ብዙ ያጥፋል፤ ሌንሱ አጭርና ጥቂት ክፍል ያለው እንዲሆን ይረዳል። የታመቀ የታሕተ ቀይ ሌንስ የሚባለው ነገር ሊታሰብ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና ይህ ጥቅም ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። የስብረት መለኪያው ከፍተኛ በመሆኑ ባዶ የጀርማኒየም ገጽ ከሚደርሰው ጨረር 36 በመቶውን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ሁለት ገጽ ያለው አንድ ሌንስ ከግማሽ ያነሰውን ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ነጸብራቅ የሚቀንስ ሥሥ ሽፋን መልበስ አለበት። ሽፋኑ ደግሞ ለአንድ የሞገድ ክልል ሲስማማ ለሌላው አይስማማም፤ በብዙ ሞገድ ለማየት በሚፈልግ መሣሪያ ላይ ይህ ቀላል ችግር አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሙቀት ጣጣ ነው። የጀርማኒየም የስብረት መለኪያ በሙቀት መለዋወጥ የሚቀያየረው ከተራ ብርጭቆ ከ100 እጥፍ በላይ ነው። 100 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው የጀርማኒየም ሌንስ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢለወጥ የትኩረት ነጥቡ ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ምስሉን ለማደብዘዝ ይህ ይበቃል። ሙቀትን እንዲያይ የተሠራው ዓይን ራሱ በሙቀት ይታወራል እንደ ማለት ነው። በዚህ ላይ ሌንሱና መያዣው ራሳቸው ሙቀት ስለሚያፈልቁ፣ መብራቱን በእጁ ይዞ ጨለማ ውስጥ እንደሚመለከት ሰው የራሱ ብርሃን ዕይታውን ይጋርደዋል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጠባያቸው የተለያየ ቁሶችን ማጣመር፣ ለምሳሌ ከጀርማኒየም ጋር ዚንክ ሴሌናይድ የተባለውን ቢጫማ ቁስ ማሰለፍ ነው፤ ሁለተኛው መሣሪያውን ማቀዝቀዝ ነው።

ሌንስን ማሳነስም ራሱ ማብቂያ አለው፤ ማብቂያውን የሚያኖረውም የሠሪው ችሎታ ሳይሆን የሞገዱ ርዝመት ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ሞገዱ በረዘመ ቁጥር መበተኑ ይብሳል። የሙቀት ሞገድ ከሚታየው ብርሃን 20 ጊዜ ያህል ስለሚረዝም፣ ያንኑ ያህል ዝርዝር ለማየት ሌንሱ 20 ጊዜ ያህል መስፋት ይኖርበታል። ከ705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ በ11 ማይክሮሜትር ሞገድ 100 ሜትር ርቀት ያላቸውን ሁለት ነገሮች ለመለየት ቢያንስ ከ9 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሌንስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ማንም መሐንዲስ ሊያሳንሰው አይችልም።

ይህ ሁሉ ስሌት በአንድ መሣሪያ ላይ ተገናኝቶ የታየው በላንድሳት 8 ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ ይህች ሳተላይት የሙቀት መሣሪያ አልነበራትም። በምዕራብ አሜሪካ ያሉ ክፍላተ አገር ከእርሻ ላይ የሚተነውን ውኃ የሚለኩት በሙቀት ምስል በመሆኑ የውኃ አስተዳዳሪዎቻቸው ጮኹ፤ መሣሪያውም ዘግይቶ ተጨመረ። ጊዜውም ቦታውም ጠባብ ነበር። የተመረጠው የሌንስ መንገድ ሲሆን፣ አራት ክፍል ያለው፣ ሦስቱ ጀርማኒየም አንዱ ዚንክ ሴሌናይድ የሆነ፣ 11 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት ጥቂት የቀረው ሌንስ ተነደፈ። ምስሉን የሚቀበለው ክፍል ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። 185 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ምድር በአንድ ጊዜ የሚያይ እንዲህ ያለ ትንሽ ዓይን መሠራቱ ድንቅ ሥራ ነበር።

ሳተላይቷ የካቲት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ወጣች። ብዙም ሳይቆይ በሙቀት ምስሎቹ ላይ መስመር መስመር የሚመስል ጥላ ታየ፤ የሚለካው ሙቀትም በምድር ላይ ከተለካው ጋር በጥቂት ዲግሪዎች መለያየት ጀመረ። መሐንዲሶቹ ምክንያቱን ለማግኘት ሳተላይቷን ወደ ጨረቃ አዙረው ተመለከቱ። ጨረቃ ከዕይታው ክልል ውጭ ሆና ሳለ ምስሏ እንደ ጣዕረ ሞት በመሣሪያው ውስጥ ይታይ ነበር። ጥፋቱ ከሦስተኛው ሌንስ በላይ ካለ የብረት ቀለበት ተገኘ፤ ከጐን ባዝኖ የገባ ጨረር ቀለበቱን እየመታ ወደ ምስሉ ይወርድ ኖሯል። ሌንሶቹ በራሳቸው እንከን አልነበረባቸውም፤ ጉድለቱ የተፈጠረው በመያዣቸው ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያስታውሰው አይጐዳም። እ.ኤ.አ. በ2017 ስሕተቱን በስሌት የማረሚያ ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። በላንድሳት 9 ላይ ደግሞ ባዝኖ የሚገባውን ጨረር የሚያግዱ ጋራጆች ተጨመሩ፤ ይህችኛዋ የወጣችው በመስቀል ቀን፣ መስከረም 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር።

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ። የዚህ ሌንስ አንድ የምስል ነጥብ በምድር ላይ 100 ሜትር በ100 ሜትር፣ ማለትም ልክ አንድ ሄክታር፣ በአገሬው አለካክ አራት ጥማድ ያህል ነው። የጅማ አካባቢ ገበሬ የቡና ማሳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። በአንድ ነጥብ ውስጥ የቡናው፣ የጐረቤቱ በቆሎ፣ የመንገዱና የቤቱ ቆርቆሮ ሙቀት ተደባልቆ አንድ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ደመናም አለ። ታሕተ ቀይ በጨለማ ያያል መባሉን የሰሙ ሰዎች በደመናም ያልፋል ብለው ያስባሉ፤ አያልፍም። በጅማ ዝናሙ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መግቢያ ስለሚቆይ፣ በየ16 ቀኑ የምትመለስ ሳተላይት በእነዚህ ወራት የምታየው ብዙውን ጊዜ የደመናውን ጀርባ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የወጡት የአውሮፓ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች በ13 የብርሃን ክፍሎች፣ በአንዳንዱም እስከ 10 ሜትር ድረስ ያያሉ። እነርሱ ግን ከሌንስ ወደ መስተዋት ተመልሰዋል፤ የሙቀት ሞገድም አያነሡም። ታናናሾቹ ሌንሶች በበኩላቸው ወደ ምድር ቀርበዋል። ማቀዝቀዣ የማይፈልገው የሙቀት መቀበያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ በሃኒዌል ኩባንያ ተሠርቶ ከወታደራዊ ምስጢርነት ከወጣ በኋላ፣ በአውራ ጣት ጥፍር የሚተካከሉ የጀርማኒየም ሌንሶች በድሮን ላይ መጫን ተቻለ። በድሮን ላይ የሚጫኑት ካሜራዎች ብዙዎቹ ለአንዱ ሌንስ ሁሉን ሞገድ ከማሸከም ይልቅ ለእያንዳንዱ ሞገድ የየራሱን ትንሽ ሌንስ ጐን ለጐን ያሰልፋሉ፤ በላንድሳት 1 ላይ የተዘጉት የሦስቱ ካሜራዎች አሳብ ከ40 ዓመት በኋላ በዚህ ዓይነት ተመልሷል። የዚህም ዋጋ አለው። ሌንሶቹ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሚራራቁ፣ ከፍና ዝቅ ባለ የዛፍ ጫፍ ላይ ዝቅ ብሎ ሲበረር የአንዱ ምስል ከሌላው ጋር በትክክል አይደራረብም።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትወጣ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ በሚታየውና በቅርቡ ታሕተ ቀይ ብርሃን የምታይ ነበረች፤ መቆጣጠሪያዋም በእንጦጦ ነበር። በዚሁ የቡና አገር፣ በቦንጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ተወልደው በአሜሪካ የጠፈር ሥራ ስመ ጥር የሆኑት መሐንዲስ ዶክተር ቅጣው እጅጉ ይህን ቀን ሳያዩ 14 ዓመት ያህል ቀደም ብለው ማረፋቸውን ብዙዎች በኀዘን አስታውሰዋል።

በዚህ ሁሉ ድካም መካከል ያልተፈታው ጥያቄ የጥላው ጥያቄ ነው። የአውሮፓው ደንብ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር የሚሰፋ፣ ከ5 ሜትር የሚረዝሙ ዛፎች ያሉበትና ቅርንጫፋቸው ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ሲሆን፣ በዋናነት ለእርሻ የሚውለውን መሬት ግን ደን አይለውም። ቁም ነገሩ ያለው በዚህ የመጨረሻ ሐረግ ነው። በጌራ ወይም በጎማ ከአያት ጀምሮ ቡና የሚለቀምበት ባለ ጥላ ማሳ በሕጉ እርሻ ነው፤ ለሌንሱ ግን ደን ነው። የዛፉ ጫፍ ታሕተ ቀዩን እንደ ማናቸውም ጤናማ ጫካ አድምቆ ይመልሰዋል፤ ሙቀቱም እንደ ጫካ ዝቅ ያለ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው መሬቱ ለምን እንደሚውል ነው፤ ሌንሱ የሚመልሰው ከላይ ምን እንዳለበት ነው።

ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል። በአንድ በኩል፣ በ2013 ዓ.ም. ካርታ ላይ ደን ተብሎ የተመዘገበ የቆየ ማሳ ቡናው አርጅቶ ቢጐነደል ወይም ጥላው ቢሳሳ፣ ከዚያ በኋላ በሚነሣው ምስል ላይ ምንጣሮ ሊመስል ይችላል፤ ጉንደላ ግን የግብርና ባለሙያው ራሱ የሚመክረው ሥራ ነው። በሌላ በኩል፣ ፈይራ ሰንበታና ማንፍሬድ ዴኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ለቡና ሲባል በጫካው ሥር ያለው ቁጥቋጦና ችግኝ ሲመነጠር ጫካው የዕፀዋት ዓይነቱን እያጣ ይሄዳል። ይህ እውነተኛ ጉዳት ሲሆን በሰማይ ባለው ዓይን ዘንድ ግን ለረዥም ጊዜ አይመዘገብም፤ ትልልቆቹ ዛፎች እስከ ቆሙ ድረስ ምስሉ ያው አረንጓዴ ነው።

ስለዚህ በጅማ ዙሪያ የማሳ ምዝገባ በሚካሄድበት ቦታ ሁሉ የልማት ጣቢያው ሠራተኛ ስልኩን ይዞ ድንበሩን በእግሩ ይዞራል፤ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የቡናውን ዕድሜ፣ የተጐነደለበትን ዓመት፣ የጥላውን ዛፍ ዓይነት ቢመዘግብ፣ ምስሉ በሚጠራጠርበት ቀን የሚቀርበው ማስረጃ ያ ወረቀት ይሆናል።